ኢብሮ ያላረደው ዶሮ

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መሻሬን፣ ባለቤቴን በልቤ መርገሜን፣ ምራቴን ማማቴን ሁሉ ተናግሬያለሁ። ይህን ግን አልተናገርኩም። ባለቤቴ ሳያውቀው ሞተ፤ ልጆቼም አያውቁትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር፤ ሆዴ ግን እስከ ዛሬ አልፈጀውም። አሁን ሰማንያ አልፎኛል። አንተ የምታነበው፣ ወይም አንቺ የምታነቢው፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። ስለማላውቃችሁ ነው የምነግራችሁ።

አንዲት ሴት የማትበላውን ሥጋ ዋሽቼ አበላኋት። ስጠየቅ ደግሞ ዋሽቻለሁ አላልኩም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ዝርዝሩ ነው።

እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሬዲዮ ነው። በቀደም ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ ፈረንጅ አገር የገቡ ስደተኛ እስላሞች ከአገሬው ጋር መዋሃድ አቃታቸው እያሉ ሰዎች ይከራከራሉ። ቋንቋችንን አይማሩም ይላል አንዱ። ከእኛ ጋር አይበሉም፣ አይጠጡም፣ ሴቶቻቸውን ይሸፍናሉ ይላል። ሌላው ደግሞ መቼ አስጠግተናቸው እናውቃለን ይላል። ልጄ "እማዬ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወጡ እንዳያር ሂጂ እዪው አልኳት። ምን ልበላት? እኔ አንዷ ስትዋሃድ በዓይኔ አይቻለሁ። ምን እንዳገኛትም አውቃለሁ፤ ያደረግኩባት እኔ ነኝ።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ገና አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ አሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ። ዛሬ ከተማዋን ጭሮ ይሏታል፤ ያኔም የአካባቢው ኦሮሞ ጭሮ ነበር የሚላት፣ አሰበ ተፈሪ የምንላት እኛ ነን። ከቤታችን ፊት ለፊት አረብ ቤት ነበር። ባለሱቁ ሳሌም የመናዊ ነው፤ ጨርቅ፣ ስኳርና ላምባ ይሸጣል። በረንዳው ላይ ኢብሮ የሚባል እስላም የሆነ ኦሮሞ ልብስ ሰፊ መኪናውን ዘርግቶ ይውላል። ከእኛ አጥር ቀጥሎ ደግሞ አስካለ ነበረች፣ የአንድ የፖሊስ አሥር አለቃ ሚስት። ምላሷ የተሳለ ነው፤ የኔም ከእሷ አይተናነስም ነበር።

ሳሌም ከአገሩ ሚስት አስመጣ። በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ በባቡር እስከ ሚኤሶ፣ ከሚኤሶ በካሚዮን ሽቅብ አመጧት። ከካሚዮኑ ስትወርድ ከዓይኗ በቀር የሚታይ ነገር አልነበራትም። ዘህራ ትባላለች። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት አይበልጥም። የሰፈሩ ሴቶች አጥር ላይ ተደርድረን አየናት። "ይቺ እንዴት አድርጋ ትለምዳለች?" አለች አስካለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን፤ ከመካከላችን አሰበ ተፈሪ የተወለደች አንዲት እንኳ አልነበረችም።

እኔ ለማስለመድ ተነሳሁ። ደግ ሆኜ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ያኔ ገና አልወለድኩም፣ ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ መዝገብ ላይ ነው፣ ቤቱ ሰልችቶኛል። እሷም ሰው ናፍቋታል። በጓሮ በር እየገባች ሆጃ የሚሉትን፣ በወተት የፈላ የቡና ገለባ፣ ይዛልኝ ትመጣለች፣ እኔ ቆሎ አቀርባለሁ፣ እቃ እየጠቆምኩ ስሙን አስተምራታለሁ። "እህቴ፣ አንተ ጥሩ ነው" ትለኛለች፤ እኔ በሳቅ እፈርሳለሁ። ነጠላ አለባበስ አሳየኋት። ለቅሶ ቤት ይዣት ሄድኩ። ከኢብሮ ደግሞ ኦሮምኛ ለቀመች። ሦስት ዓመት ሳይሞላ በአማርኛ ትቀልዳለች፣ በኦሮምኛ ቅቤ ትከራከራለች፣ ፊቷን ገልጣ በነጠላ ትወጣለች። ሰው ሁሉ "የአረቡ ሚስት እኮ ሰው ሆነች!" ይል ነበር። ሰው ሆነች! እኔ ያኔ አምስተኛ ዓመቴ ነው፤ ኦሮምኛ የምለው "አካም" እና "ሜቃ" ብቻ ነው፤ ከሰላምታና ከዋጋ አላለፍኩም። እኔን ግን ለመድሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ዘህራ ነዒማ የምትባል ሴት ልጅም ወልዳ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ዓመቷ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ሥጋ። ይህን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሰለመ ይባላል፤ ክርስቲያን ያረደውን የበላ እስላምም ከሃይማኖቱ ወጣ ይባላል። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ለእስላም ጎረቤት ለብቻው ይታረዳል። አራጁ እስላም ነው፣ ድስቱ አዲስ ነው፣ ሳህኑ ሌላ ነው። ይህ የጠብ ነገር አይደለም፤ እንዲህ እየተከባበርን ነው አብረን የኖርነው። ዘህራ ግን ለብቻም ቢሆን እኔ ቤት ሥጋ በልታ አታውቅም ነበር። ባሏ ገና አልፈቀደላትም።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሳሌም ራሱ መጣና "ዘህራ እንተ ጋ ይበላል፤ ኢብሮ ይረድ፣ በቃ" አለኝ። ደስ አለኝ። አዲስ ድስት ገዛሁ፣ አዲስ ሳህን ገዛሁ። ቀኑን ዓርብ አደረግነው፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ለእኛ የፍስክ ቀን ነው። ዓርብ ለእነሱ ምን እንደሆነ አላሰብኩም። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ የሚሆነውን ባለቤቴ ጠዋት አርዶልኝ ወደ ሥራው ሄደ። የዘህራ ዶሮ እግሯን ታስራ ኢብሮን ትጠብቃለች። የጠራኋቸው የሰፈር ሴቶች የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ሽንኩርቱን ጣድኩ፣ ለላባው ውሃ አፈላሁ፣ ከዚያ ኢብሮን ልጠራ ወጣሁ። መኪናው በጨርቅ ተሸፍኗል። ሳሌምም የለም፣ ሱቁ ተዘግቷል። ጁምዓ ነዋ! ወንዱ ሁሉ መስጊድ ገብቷል።

ሴት አታርድም። ባሏ ቤት የሌለ ሴት ዶሮና ቢላዋ ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ መንገድ የሚያልፍ ወንድ ታይና "እባክህ ባርክልኝ" ትለዋለች። እኔም ቆምኩ። ውሃው ይፈላል፣ ቁሌቱ ሊያር ነው፣ ከሰሉ እያለቀ ነው። ማተቡ ከአንገቱ የሚታይ አንድ የእስር ቤት ዘበኛ አለፈ። አወቅኩት፤ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን አየዋለሁ። ዶሮዋን ሰጠሁት። በስመ አብ ብሎ አረዳትና እጁን ታጥቦ ሄደ።

መጠበቅ አልችልም ነበር? እችል ነበር። ጁምዓ አንድ ሰዓት ነው። እንቁላል መቀቀል አልችልም ነበር? እንቁላል ሞልቶኛል። "እህቴ፣ ዛሬ አልተሳካም፣ ሽሮ ብዪ" ማለትስ አልችልም ነበር? እሷ ሽሮ ብታገኝም ደስ ይላት ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ደቂቃም አውቀዋለሁ። ሳላውቅ አይደለም ያደረግኩት። ስለ ከሰሉ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እሱም ውሸት ነው። ከሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ምን ያህል እንደኛ እንደሆነች ልይ የሚል። ከዚህ የተሻለ ስም የለኝም ለሱ።

ዘህራ በጊዜዋ መጣች። ነዒማን ቤት ትታት ነው የመጣችው። ሳህኗን ለብቻ አቀረብኩላት። እጇን ከመስደዷ በፊት በጣቷ አንገቷን እያሳየች "ኢብሮ ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ኢብሮ ነው ያረደው" አልኳት። "ቢስሚላህ" ብላ ጎረሰች። "እህቴ፣ ጣፈጠኝ" አለች። እውነትም ጣፍጧት ነበር። አየኋት። ምንም አልሆነችም። አስካለ በአጥር ዘበኛውን አይታው ኖሮ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ እኔም አንገቴን አቀረቀርኩ፤ እየሳቅኩ ነበር።

ዘህራ ስትሄድ ቤቱ ሁሉ በሳቅ አውካካ። "አሁንማ ክርስትና አነሳናት!" ያልኩት እኔ ነኝ። አስካለ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። አስካለ የወሰደችው የኔን ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው እንደምታውቁት ነው፤ ወሬ እግር የለውም፣ ግን ይሄዳል። ከአስካለ ወደ ውሃ መቅጃው፣ ከውሃ መቅጃው ወደ ገበያ። ገበያ ሲደርስ እኔ ከወሬው ወጥቻለሁ፤ የቀረው "የአረቡ ሚስት የክርስቲያን ሥጋ በልታ ክርስትና ልትነሳ ነው" የሚል ነው። ነጠላዋም ምስክር ሆነባት፣ አማርኛዋም፣ ለቅሶ ቤት መሄዷም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባል የለ? ትናንት "ሰው ሆነች" ያሏት ሁሉ ዛሬ "ድሮም አካሄዷ አላማረንም" አሉ። ኢብሮን ጠየቁት። "ወላሂ እኔ አላረድኩም፣ ጁምዓ ላይ ነበርኩ" አለ። እውነቱን ነው።

ባለቤቴ ይህን ፍርድ ቤት ሰምቶ መጣ። "ምን አድርገሻል አንቺ ሴት?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። ስጠየቅ የካድኩባት የመጀመሪያዋ ቃል ይቺ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይቺን ቃል ላለማጠፍ ነው።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። አንደኛው ሳሌም ነው። ሁለተኛው ሼህ ዑመር ናቸው፤ ክርስቲያኑም ለሽምግልና የሚጠራቸው፣ ጢማቸው የነጣ ሽማግሌ። ባለቤቴ ወንበር ሰጣቸውና እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ።

"ወይዘሮ፣ ለጠብ አልመጣንም" አሉ ሼህ። "ሴትዮዋ በቁርኣን ምላለች። 'ኢብሮ አረደው ብላኝ ነው የበላሁት' ነው የምትለው። እንዲያ ካልሻት ሳታውቅ የበላች ናት፣ ምንም የለባትም። አንቺንም አንከስሽም፣ ተሳስተሽ ነው እንላለን፣ እዚሁ ያልቃል። ሀቁን ብቻ ንገሪን፣ ልጄ። ብለሻታል?"

አያችሁ? በሩን ወለል አድርገው ከፈቱልኝ። ልጄ አሉኝ። አንድ ቃል ነው የፈለጉት።

ባለቤቴ ያየኛል። "ምንም" ያልኩት ሰው ነው የሚያየኝ። "አላልኳትም" አልኩ። "ማን እንዳረደው አይታለች።"

ሳሌም ተነሳ። "እሷ አይቷል?" አለ።

"አይታለች" አልኩ።

ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲያውም የተበደልኩ መስዬ ነበር። ሼህ ዑመር ትኩር ብለው አዩኝ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ነገር ግን የሰው ቤት ገብተው የጸሐፊን ሚስት ውሸታም ማለት አልቻሉም። "እሺ፣ አላህ ይወቀው" ብለው ተነሱ።

ሳሌም ሥጋውን ይቅር ይል ነበር ብዬ አምናለሁ። ይቅር ያላለው በቁርኣን ላይ ዋሸች የሚለውን ነው። ያን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያልዋሸችውን ሴት ውሸታም ያደረግኳት እኔ ነኝ። ለምን? ፈርቼ ነው? ማንን? ባለቤቴ ቢበዛ ይቆጣኝ ነበር። አስካለ ትስቅብኝ ነበር። ሳምንት የማይቆይ ሐፍረት ነበር፣ ከዚያ በላይ የሚመጣብኝ ነገር አልነበረም። ስንት ዓመት ፈልጌ ሌላ ምክንያት አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዘህራ በጓሮ በር መጣች። አንኳኳች። የበሩ ሳንቃ ስንጥቅ ነበረው፤ ከወዲህ ሆኜ ነጠላዋን አያለሁ። "እህቴ፣ አለሽ፤ እግርሽን አየሁ" አለች። ያስተማርኳት አማርኛ ነው፣ ያን ቀን አንድም ስህተት የለበትም። "ባሌ ወደ አባቴ አገር ሊመልሰኝ ነው። ልጄን ይወስድብኛል። አንቺ 'ተሳስቼ ነው' ብትይ ይተዋል። እኔ አልቀየምሽም። ነይ አብረን እንንገረው።"

አልከፈትኩም። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር። ምን እንደተሰማኝ ብትጠይቁኝ ምንም ነው የምላችሁ። ምሳ አልሠራሁም ብዬ ያሰብኩ ይመስለኛል። እሷ ቆማ ቆማ ሄደች።

ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ። እሷን ጭነንም ለጉመንም ነበር፤ ሁሉንም እሺ ብላ ነበር። ወደ ሚኤሶ የሚወርደው ካሚዮን ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ስትወጣ እንደ መጣችበት ቀን ተሸፍናለች። የሰፈሩ ሴቶች አጥር ላይ ነበርን፤ እኔም ነበርኩ። አልጮኸችም። ነዒማ በረንዳው ላይ ሸንኮራ ትመጥጣለች፤ የገባት ነገር የለም፤ ካሚዮኑን ስታይ እጇን አወዛወዘች። አስካለ "ምስኪን" አለች። እኔ ገብቼ ምሳ ሠራሁ።

ሳሌም ከገለምሶ ሌላ ሚስት አገባ። እኔም ወለድኩ፤ አራት ልጆች። ከነዒማ ጋር ፊት ለፊት ኖርን። ከረሜላ ልሰጣት እፈልግና እተወዋለሁ። አድጋ ገለምሶ ተዳረች። ሳሌም ሞተ፣ ሼህ ዑመርም ሞቱ። እፎይ አልኩ ልበላችሁ? አዎ፣ ብያለሁ።

ይህ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሲሆነው ነዒማ በሬን አንኳኳች። ያን ቀን ከፈትኩ፤ እሷ መሆኗን ባውቅ አልከፍትም ነበር። የጸነሰች ሴት ናት። ተቀመጠችና ከመቀነቷ ሦስት ደብዳቤ አወጣች።

"እማማ፣ ከእናቴ ነው የመጣው" አለችኝ። "አረብኛ የሚያውቅ ሰው አነበበልኝ። በሐሰት ነው ከልጄ የለዩኝ ትላለች። አባቴ ደግሞ እስኪሞት ድረስ 'በቁርኣን ላይ የዋሸች ሴት ናት፣ አትጻፊላት' ይለኝ ነበር። እኔ ማንን ልመን? የበላችው እርስዎ ቤት ነው ይላሉ። እውነቱን ይንገሩኝ። ማንንም አልከስም፣ ለማንም አልናገርም። ልመልስላት ወይስ ልተወው? እሱን ብቻ ነው የማላውቀው።"

ሼህ ዑመር የከፈቱልኝን በር ነው እንደገና የከፈተችልኝ። ባለቤቴ ያን ቀን ቤት አልነበረም። የሚያየኝ ማንም የለም። የምፈራው ምን ነበር?

"ቆየ እኮ፣ የኔ ልጅ" አልኳት። "አላስታውስም።"

ደብዳቤዎቹን አጣጠፈች። "እሺ፣ አይቸገሩ" አለች። በር ላይ ስትደርስ ዞር አለችና "መልኳንስ ያስታውሳሉ?" አለችኝ። "እኔ መልኳን አላውቀውም።"

አላስታውስም ብያት፣ መልኳን እንዴት ብዬ ልንገራት? "እሱንም አላስታውስም" አልኳት።

ሄደች። መልስ ጽፋላት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዘህራ ትኑር ትሙት አላውቅም። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ እናንተን አልበደልኩም፣ ይቅርታውም በእጃችሁ ያለ ነገር አይደለም። ልጅ ነበርኩም አልልም። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ነዒማ በሬ ላይ ስትቆም ደግሞ አርባ ሆኖኝ ነበር።

ነዒማ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካገኘሽ ስሚ። እናትሽ አላየችም። ኢብሮ ነው ያረደው ያልኳት እኔ ነኝ። በቁርኣን የማለችው እውነት ነው። መልኳንም አስታውሰው ነበር፣ አንቺው ነሽ። ግንባሯ ሰፊ ነው፣ ቅንድቧ መሐል ላይ ሊገናኝ ምንም አይቀረው። የላይ ጥርሷ ትንሽ ገፋ ያለ ስለሆነ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ቀይ ናት፣ ቀጭን ናት፣ ከአንቺ ትንሽ ታጥራለች። ያን ቀን በሬ ላይ ዞር ስትዪ እሷ የመጣች መስሎኝ ደንግጬ ነበር።